የፍየሏ ዓይን

ባለቤቴ ለልጆች መጽሔት ካርቱን ይስላል። ከተጋባን ጀምሮ የሚስላት ያገኘችውን ሁሉ የምትበላ አንዲት ፍየል ናት፤ የአስተማሪ ጠመኔ፣ የፖሊስ ቆብ፣ አንድ ጊዜማ የሙሽራ ጫማ በልታለች። የሰፈሩ ልጆች «ጋሼ ፍየሉ» ነው የሚሉት።

አሠራሩ ራሱ ጉድ ነው። ጠረጴዛው ላይ መስታወት አቁሞ ጉንጩን ይነፋል፣ ዓይኑን ያፈጣል፤ ከዚያ ያየውን ፍየሏ ፊት ላይ ያደርገዋል። የተጋባን ሰሞን «ወይኔ! ያበደ ሰው አገባሁ» ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ የፊቱ ግማሽ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሻይ ሲጠጣ በአንድ በኩል ፈሰሰበት። እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «ደም ግፊት ነው የመታው። ከደገመው አይምረውም፤ እንዳይደነግጥ ጠብቂው» አለኝ። እሱ እንዳይደነግጥ! እኔስ? በሆዴ ይዤ «ብርድ ነው አሉ፣ ያልፋል» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ሲያስል እደነግጣለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል። እሱ ግን ካልሠራሁ ብሎ ገግሞ መስታወቱ ፊት ተቀመጠ። ግማሽ ፊቱ ይስቃል፣ ግማሹ አልታዘዝ አለ። እርሳሱን አስቀመጠና ጠራኝ።

«ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ። ሳቂልኝ።»

«የምን ሳቅ ነው አንተ ሰውዬ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ?»

«ፍየሏ የባቡር ትኬት በልታ ነው። ሳቂ!»

ሳቅኩ። ድዴ እስኪታይ ገለፈጥኩ፣ ምላሴን አወጣሁ። ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ይሆን እያልኩ እሱን እሱን ነው የማየው። ቀና ብሎ ያየኛል፣ ጎንበስ ብሎ ይስላል። ተመስገን፣ አልነቃብኝም አልኩ።

መጽሔቱ የወጣ ቀን የጎረቤታችን ልጅ ይዛው መጣች። ወትሮ ገና በሩ ላይ ነበር ሳቋ የሚሰማው።

«እትዬ፣ ፍየሏ ምን አይታ ነው የፈራችው?»

ቀምቼ አየሁት። አፏ እስከ ጆሮዋ ተከፍቷል። ዓይኗ ግን የእኔ ነው፤ እነዚያን ሌሊቶች ሁሉ ያፈጠጠው ዓይን። ልጅቷን ሸኝቼ እሱ ላይ ጮህኩበት።

«ምነው? የልጆች ፍየል እንዲህ ፈርታ ትሳላለች?»

«እኔ ያየሁትን ነው የምስለው» አለኝ፣ በደህናው ጉንጩ ፈገግ ብሎ። «ሐኪሙ ያለሽን ንገሪኝ አልልሽም። አንቺም ብርድ ነው አትበዪኝ።»

እጄን ያዘኝ። የሚንቀጠቀጠው የእኔ ነበር።