አምስት ቤት፣ አንድ ቆጣሪ

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልም። ተቀምጬ እንኳ እግሬ አያርፍም። ፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ፣ ማለቴ የገበያን አደጋ በሒሳብና በኮምፒውተር መለካት፣ ውጭ አገር ልማር አመልክቼ የኢንተርቪው ቀን እስኪነግሩኝ ኢሜይሌን ስከፍት ስዘጋ ከረምኩ። ከሥራ ስመለስ የሸጎሌ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ፕሮባቢሊቲ እሠራለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ የሎተሪ ቁጥር የምፈልግ ይመስለዋል።

ነገሩን ከእናቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «በሆድሽ ያዢው!» አለችኝ። «ሳይሆን አይወራም፤ ዓይን ይበላሻል።» አደጋን በቁጥር እለካለሁ የምለው ሰውዬ፣ ይቅርታ፣ ሴትዮ፣ ዓይን ፈርቼ ዝም አልኩ።

ግቢያችን አምስት ቤት ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። ካውያና ምድጃ አብረው ከተሰኩ መብራት የለም። ስለዚህ «ልሰካ ነው!» «ቆይ፣ ልንቀል!» እየተባባልን ነው የምንኖረው። የኢንተርቪው ቀን እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምን ብዬ? ለምን ቢሉኝስ?

በኮምፒውተሬ መስኮት ከታዩኝ ጠያቂዎች አንዱ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። «የማይገናኙ የሚመስሉ አደጋዎች አንድ ላይ የሚደርሱት መቼ ነው?» አለኝ። የማውቃት ጥያቄ! «ከኋላቸው አንድ የሚጋሩት ነገር ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ...» ድርግም። የኮምፒውተሬ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። በስልኬ እስክገባ ሰዎቹ ወጥተዋል።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ ጎረቤታችን እማማ ካውያቸውን እንደያዙ በራቸው ላይ ቆመዋል፤ ቁስቋም ማርያም ሊሄዱ ነጠላቸውን እየተኮሱ ነበር።

«ምነው እማማ! ዕድሌን ገደሉት እኮ!» ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ጮሄባቸው አላውቅም።

«የምን ዕድል? መቼ ነገርሽኝና?»

አፈርኩ። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጠያቂዎቹ ደግ ሆነው ለሐሙስ ቀጠሩኝ፤ እማማም ለግቢው ሁሉ ነገሩ። ሐሙስ ጠዋት ከአምስቱ ቤት ምድጃ የሰካ አልነበረም፤ ልጆቹ ቁርሳቸውን ዳቦ በሉ። እማማ በርጩማ አውጥተው ቆጣሪው ሥር ተቀመጡ፤ ድምፁን ከፍ ያደረገውን ሁሉ «እሽ!» ይላሉ። እናቴ «አገር ሰማ፤ በቃ አለቀልሽ» እያለች ተንጎራደደች። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ መለስኩ። መብራቱ ንቅንቅ አላለም።

አልተቀበሉኝም። ኢሜይሉ ሁለት መስመር ነበር። እናቴ «አላልኩሽም?» አለች፤ ተናደድኩባት። ከመውደቄ ይልቅ አምስት ቤት ዞሮ መናገሩ አንገበገበኝ፤ ሁለት ቀን በጓሮ በር ወጣሁ፣ በጓሮ በር ገባሁ። በሦስተኛው እማማ ያዙኝ።

«አልሆነም፣ እማማ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። እጄን ያዙና፦

«የሚቀጥለው መቼ ነው?» አሉኝ። «ነጠላዬን በዋዜማው ልተኩሰው።»