ያላመኑኝ ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ካለው ፋርማሲ የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ቆሜ ሳለ፣ ሠራተኛዋ ልጅ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል የልደት ቀኔን ጠየቀችኝ። «ጃንዋሪ አንድ» አልኩ፤ ምላሴ ለምዶታል። ስወጣ ግን ሚስተር ሮይ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። ወደ ፈረንጅ አገር በመጣሁ ሰሞን፣ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር። ሚስተር ሮይ ጡረታ የወጡ ፖስታ አዳይ ናቸው፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ በቁጥር ጨዋታ ማጥመድ ይወዳሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ በረዶው ጠቁሮ መንገድ ዳር የሚከመርበት ጊዜ። የምሳ ሾርባቸውን ሳስቀምጥ አስቆሙኝ።

«የተወለድሽበትን ወር በሃያ አባዢ። ሦስት ጨምሪ። በአምስት አባዢው። አሁን ቀኑን ደምሪበት። ስንት መጣ?»

በቃል ስሌት ከልጅነቴ ጀምሮ የሚቀድመኝ አልነበረም። የተወለድኩት ግንቦት አሥራ ሁለት ነው። «ዘጠኝ መቶ ሃያ ሰባት» አልኩ ወዲያው።

«ልደትሽ ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነው!» አሉ።

አብራኝ የምትሠራው የወሎዋ ሐያት ሳቀች። «እሷማ እንደ እኔው ጃንዋሪ አንድ ናት!»

እውነቷን ነው። ናይሮቢ በስደት ሳለን የጉዞ ፎርማችንን የሞላልን ሰው ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መመለስ ሰልችቶት ለብዙዎቻችን ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጽፎልን ነበር።

ሚስተር ሮይ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄ ስሌት ስቶ አያውቅም።»

«ተሳስቼ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«አርባ ሰባት ሲባዛ በስድስት?»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ሁለት።» ከአፌ አመለጠኝ።

«አየሽ፣ ማስላቱንስ ታውቂያለሽ» አሉና ሾርባውን ወዲያ ገፉት። «ሌላ ሰው ያምጣልኝ።»

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠርታ፣ «ሚስተር ሮይ ወረቀቷ ይታይ እያሉ ነው፤ ምን አደረግሻቸው?» አለችኝ። እኔም በተራዬ ሰውዬውን መጠርጠር ጀመርኩ፤ ሊፈትነኝ የተላከ ሰው ይሆን እንዴ? ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስሌቱን ወደ ኋላ ፈታሁት። በሃያ፣ ከዚያ በአምስት ማባዛት ያው በመቶ ማባዛት ነው። ሦስቷ ደግሞ አሥራ አምስት ሆና ትመጣለች፤ እሷን ሲቀንሱ ወሩና ቀኑ ጎን ለጎን ይቀራሉ። ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። ለካ የሰጠኋቸውን ነው የመለሱልኝ!

በማግስቱ ፊታቸው ቆምኩ። «ዘጠነኛው ወር ለእኛ ግንቦት ነው፤ በእናንተ ሜይ መሆኑ ነው። ዓመታችን የሚጀምረው መስከረም ላይ ነው።»

«ስንት ወር አላችሁ?»

«አሥራ ሦስት።»

«አሁን ደግሞ አሥራ ሦስት!» ፊታቸው ቀላ። ሐያትን አስጠርተው፣ እኔን ከበሩ ውጭ አቁመው ለብቻዋ ጠየቋት። «አሥራ ሦስት» ስትል ሰማኋት።

«ተማክራችኋል» አሉ። ቢሆንም ስለ ጃንዋሪ አንድ ጠየቁኝ፤ የናይሮቢውን ነገር ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «በይ ሾርባውን አምጪው» አሉኝ። ስለ ወረቀቴም ዳግም የጠየቀኝ የለም። ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ ግን አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ የማንኛችንንም ልደት ከመጠየቃቸው በፊት፣ «በየትኛው አቆጣጠር?» ማለት ጀመሩ።

እስከ ዛሬ ስንት ሐኪም፣ ስንት ቢሮ የልደት ቀኔን ጠየቀኝ! ሁሉም ያልኩትን አምነው ይጽፋሉ። እውነተኛውን ቀን ያወቁት ያላመኑኝ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።