ከከሊል ጆንያ የወጣው ድንጋይ

የተስፋነሽ እጆች ጀንፈሉን፣ ከነገለፈቱ የደረቀውን ቡና፣ ሸራው ላይ ይበትናሉ፣ ይሰበስባሉ፤ ጠጠሩን፣ ስንጥሩን፣ የሽቦ ቁራጩን እየነቀሱ ወደ ጎን ይወረውራሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀስ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። ዛሬ ግን እያንዳንዷ ጠጠር ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር እየተላተመች ቋ! ትላለች።

«ኧረ ወላሂ ግድግዳውን በሳሽው!» አለች ሃያ ዓመት አጠገቧ ተቀምጣ የለቀመችው ፈትያ። «እሱ ምን አደረገሽ? መመታት ያለበት ሰውዬ ቢሮው ውስጥ ክራባት እያሰረ ነው።»

ተስፋነሽ ጥርሷን ነክሳ ሌላ ጠጠር ወረወረች።

ከሆሳዕና አጠገብ ካለች መንደር ወደ ጅማ የመጣችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ትምህርቷን ከአምስተኛ ክፍል አቋርጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ከጅማ መርካቶ ጀርባ ባለው፣ ጀንፈል በሚፈለፈልበት በዚህ የቡና መቀሸሪያ ተቀምጣ ለቅማለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማ ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ጮክ ብሎ ሲጸልይ እንኳ የእሷ ከንፈር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። እጇ ግን የተመሰከረለት ነው። እሷ የለቀመችው ጀንፈል ውስጥ ድንጋይ ተርፎ የመፈልፈያ መኪናውን ጥርስ የሰበረበት ቀን አይታወቅም።

ለቃሚዎቹ ደንብ አላቸው። ትልቅ ድንጋይ ከጆንያ ያገኘች ሴት አትጥለውም፤ በጨርቅ ትቋጥረውና የጆንያውን ምልክት አስራበት ለኃላፊው ታስረክባለች። እንዲህ ያለ ድንጋይ በራሱ እግር ሄዶ ጆንያ ውስጥ አይገባምና፣ ሚዛን እንዲያነሳ ባለቡናው የከተተው ነው ተብሎ ይታመናል።

ባለፈው ታኅሣሥ ከሊሙ ገነት የመጣ ጭነት ተዘረገፈ። ከሊል የሚባል ገበሬ ጆንያ ውስጥ የተስፋነሽ እጅ አንድ ጥቁር ድንጋይ ላይ አረፈ። መጠኑ የሁለት ሎሚ ያህል ቢሆን ነው፤ ክብደቱ ግን የብረት። ላዩ የተለሰነ ይመስላል፤ እርጥብ ጭቃ ላይ አውራ ጣት የተጫነበት የሚመስል ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነገር አለው። ጥጉ ተፈንክቶ ውስጡ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ደስ አላት፣ አገላብጣ አየችው። ከዚያ እንደ ደንቡ ቋጠረች፣ ምልክቱን አሰረች፣ ለኃላፊው ለአቶ ሲላስ ሰጠች።

ሲላስ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራ ሰው ነው። ከሊልን ወዛደሩና ነጋዴው በተሰበሰበበት በር ላይ አቁሞ ድንጋዩን ወደ ላይ ከፍ አደረገው።

«ይኼ ነው የሊሙ ቡና? እናንተ ቤት ይኼን ነው የምትቆሉት?»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ከሊል ጢሙን እየነካ «ወላሂ እኔ አልከተትኩም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ መቀሸሪያ ቡናው አልተመዘነም። ሌሎቹ መቀሸሪያዎችም ሰምተው መለሱት። ሊሙ ገበያ ሳይቀር «ከሊል ድንጋዩ» የሚል ስም ወጣለት።

የዚያን ቀን ሲወጣ ተስፋነሽን በሩ ላይ አገኛት። «አዴ ተስፋነሽ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አላት። «ቡናው የሽቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ እንደተሰጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ እንደ መድፍ ጮኸ። ብንወጣ የአንዱ አልጋ እግር ተሰብሮ ሽቦው ረግቧል። ዝንጀሮ ነው አልን። ዝናብ ሳይመጣ ብለን ዝም ብለን አፍሰን ከተትነው። ሌላ የማውቀው የለም።»

«አይዞህ» አለችው።  ሲላስ ጋ ሄዳ የሰማችውን አልተናገረችም። ያንን «አይዞህ» ስታስታውስ ዛሬም ፊቷን ያቃጥላታል።

ድንጋዩ የሲላስን ቢሮ በር ማስደገፊያ ሆኖ ሁለት ወር ቆየ። አንድ ቀን ቡና ሊያጠኑ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አዩት፣ ማግኔት አስጠጉለት፣ ማግኔቱ ጥብቅ አለ። ለምነው ወሰዱት። ከአዲስ አበባ የመጣው መልስ ድንጋዩ ከሰማይ የወረደ ነው የሚል ነበር። በነጋታው ሲላስ አዲስ ታሪክ ነበረው፦ ድንጋዩ እዚሁ ግቢ፣ ዓይኑ እያየ፣ እያጨሰ ወደቀ። ምልክት የታሰረበት ጨርቅ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

ዛሬ ከሰዓት ድንጋዩን የመረመሩት የጠፈር ተመራማሪዎች አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ለተማሪዎች ያስረዳሉ፤ ለሲላስም ድንጋዩን በማግኘቱ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ለቃሚዎቹ አረንጓዴ ሻርፕ ለብሰው ከኋላ እንዲሰለፉ ታዘዋል።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የምታስረዳው ዶክተር ሄርሜላ የምትባል ስኒከር ያደረገች ቀጭን ልጅ ናት። ድንጋዩን በመስታወት ሣጥን ይዛ በተማሪዎቹ መሀል ተመላለሰች። «ምድርና ሌሎቹ ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፈ ፍርፋሪ ነው» አለች። «ከአራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጅማ ተራራዎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል።» ልጆቹ አፏጩ። ተስፋነሽ ከኋላ ሆና አንገቷን አሰገገች። መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን አነበበች፦ ጅማ። ልጅቷ እንደዚህ ያሉ ድንጋዮች ስማቸው የሚወጣው በወደቁበት ቦታ ነው ስትል፣ ተስፋነሽ የሻርፗን ጫፍ ጨምድዳ ያዘችው።

ይኼኔ ሲላስ በጎን መጥቶ የባዶ ጠርሙስ ሣጥን አስታቀፋት። «እማማ ተስፋነሽ፣ ለእንግዶቹ ከማዶ ሱቅ ለስላሳ አስቀይረው ይምጡ። ቶሎ!»

ተሸክማ በሩ ጋ ስትደርስ የሄርሜላ ድምፅ ተከተላት።

«ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ድንጋይ ብቻውን አይወድቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መቀሸሪያውን፣ የውኃ መውረጃውን፣ የመርካቶን ጣሪያ ሁሉ ፈተሽን፤ አንድም ቁራጭ የለም። ነገ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ትንሽ ድንጋይ መሬት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቅዞ ነው። አቶ ሲላስ ግን ያጨስ ነበር ይላሉ። ሌላ ያየ ሰው ይኖራል?»

ሲላስ ማይኩን ተቀበላት። «ዶክተር፣ እኛ ድንጋይ ብርቃችን አይደለም! አንዳንድ የሊሙ ሰው በጆንያ ከትቶ ያመጣልናል። ይኼኛው ግን በቀጥታ ከላይ ተላከልን!»

አዳራሹ ሳቀ። ልክ እንደዚያን ቀን።

ተስፋነሽ ሣጥኑን ደፉ ላይ ጣለችው። ጠርሙሶቹ ተንጫጩ፣ ሰው ሁሉ ዞረ።

«ውሸት ነው!»

ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ፈትያ እንኳ ዞር ዞር አለች።

«ከግቢ አልተገኘም። ከከሊል ጆንያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ምልክቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ያስረከብኩትም ለእሱ ነው። ጭስ የለው፣ ምን የለው! አንድ ፍሬ ቡና እንኳ አልተለበለበም።»

«እማማ ደክሟቸው ነው» አለ ሲላስ ፈገግ ብሎ። «በጌታ፣ እህታችንን አንድ ሰው ያስቀምጥልን።»

«በጌታ አትበል!» እስከ ዛሬ እርስዎ ስትለው የኖረችውን ሰው አንተ አለችው። «ከሊልን ሌባ ያልከው አንተ ነህ። ሠርቶ አደር ሰው ነው፣ ልጆች አሉት። ድንጋዩ ከሰማይ መሆኑ ሲነገርህ እንኳ ሄደህ ይቅርታ አላልከውም። ሰውዬውን በድንጋዩ ወገርከው፣ ድንጋዩን ደግሞ ለራስህ ወሰድክ!»

«ወላሂ እኔም አይቻለሁ! ከጎኗ ነበርኩ!» ብላ ፈትያ ተነሣች። ሌሎቹም አረንጓዴ ሻርፖች አንድ በአንድ ተነሡ።

ሄርሜላ ከመድረኩ ወርዳ ተማሪዎቹን እየገፋች መጣች። ደብተር አውጥታለች። «እናቴ፣ ያ ቡና የመጣው ከየት ነው?»

«ከሊሙ ገነት። ሰማዩ በቀን ሲጮህ ሰምተዋል፣ የቡና ማስጫ አልጋቸው ተሰብሯል። ሌላ ቁራጭ ካለ እዚያ ነው። ግን ልጄ፣ ድንጋይ ብቻ ለቅማችሁ እንዳትመለሱ። ለእነዚህ ልጆች እንዳስረዳሽው፣ በገበያ ቀን መሀል ገበያ ቆመሽ አስረጂ። ከሊል እንዳልከተተው ሰው ሁሉ ይስማ። ሲስቁበት ሰው ሁሉ ነበረ። እኔም ነበርኩ። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

ሄርሜላ የከሊልን ስም ጻፈች፤ ከዚያ መስታወቱ ላይ ጅማ የሚለውን ወረቀት በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። «ነገ የሊሙ ገበያ ነው?»

«ነው።»

«ዛሬ ሄደን እዚያ እንደር። መንገዱን ያሳዩናል?»

ሲላስ ተጠግቶ በተስፋነሽ ጆሮ «ከነገ ጀምሮ መቀሸሪያው በር ላይ እንዳላይሽ» አላት። ከመድረኩ አንዱ እንግዳ የሚጠጣ ነገር ቢጠይቅ ደግሞ ጮክ ብሎ፣ «ለስላሳው የታለ?» አለ።

ተስፋነሽ ንዴቷ ገና ሳይበርድ፣ ሣጥኑን ተሻግራ ወደ ተመራማሪዎቹ መኪና ሄደች። ሃያ አራቱ ባዶ ጠርሙሶች ደፉ ላይ እንደተጣሉ ቀሩ።