ውሃው ጎማው ጋ ሲደርስ

ቴክሳስ፣ ዩለስ ከተማ፣ መኪና ማጠቢያ ተራ ስንጠብቅ፣ ከፊታችን አርቪ የሚሉት አንድ ቤት መሰል መኪና ይታጠብ ነበር። ከስሩ እርጥብ አሸዋ ሲራገፍ የባሕር ጨው ሸተተኝ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል።

ልጅ ሳለሁ፣ አያቴ ከደሴ ሊጠይቁን በመጡበት ዓመት፣ ሦስታችን እንዲህ ባለ መኝታና ምድጃ ባለው መኪና የቴክሳስን ባሕር ዳርቻ ይዘን ቀስ እያልን ተጓዝን። አባቴ መኪናውን የተዋሰው ኤርፖርት አብሮት ከሚሠራ ሹፌር ነበር። የምናድረውም ያለ ክፍያ ማደር በሚፈቀድበት አሸዋ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ንጋት ላይ ውሃው እየሞላ ወደ እኛ መጣ። አባቴ ሞተሩን አስነሳ። አያቴ ግን ከፍ ካለው አሸዋ ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሱብሒ ይሰግዱ ነበር። ሰላት ላይ ያለ ሰው አይጠራም። አባቴ መሪውን ጨብጦ በመስታወቱ ያያቸዋል። ማዕበሉ የኋላ ጎማውን ነካ፤ አያቴ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ እንደደፉ ሱጁዳቸውን አላሳጠሩም። ወለሉ ዘመም ሲል፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ብርቱካን ተንከባሎ እግሬ ስር ወደቀ።

አያቴ አሰላምተው ሰላታቸውን ጨረሱና፣ ምንጣፋቸውን አራግፈው ገቡ።

«አባባ፣ ትንሽ ቢፈጥኑ ምን አለ? መኪናው እኮ የሰው ነው» አለ አባቴ።

«እኔስ የማን ነኝ?» አሉት፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ።

አባቴ ማርሽ አስገባ። ጎማው በባዶው ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ ያዘ። እስከ ቤት ድረስ ሁለቱም አልተነጋገሩም። አያቴ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ደሴ ተመለሱ።

«ከስሩ ደጋግመው ይጠቡት» አለ አባቴ አሁን፣ አርቪውን እያየ። «ጨው ቀስ እያለ ነው የሚበላው።»

ከዚያ፣ አያቴን እንዳየበት እንደዚያ ንጋት፣ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ።