ቆዳ ነካሪው ወልዱና ጉበቱ

ሰቆጣ፣ ቆዳ መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጌታችን ባላምባራስ አንድ በርሜል አሳዩኝ።

«ይኼ የቆዳ መድኃኒት ነው፤ አርሰኒክ ይሉታል። በውሃ በጥብጣችሁ የፍየሉን ቆዳ ትነክሩበታላችሁ። ብል አይደፍረውም።» እሳቸው ከበሩ አላለፉም።

በርሜሉ ላይ የራስ ቅልና የተመሳቀለ አጥንት ተስሏል። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሥዕል ግን ከቤተ ክርስቲያን አውቃለሁ። ከስቅለቱ ሥር ያለው የአዳም ራስ ቅል ነው። ባልደረባዬ ወልዱ ቀድሞኝ ደርሶበት ኖሯል፤ ጧት ጧት በርሜሉን ሳይሳለም እጁን አይነክርም። እኔም ተከተልኩት። ፈረንጅም ሃይማኖት አለው ለካ፣ አልን።

ከጎረቤት ወረዳ ከዝቋላ የመጣውን ደረቅ ቆዳ እስከ ክንዳችን ገብተን እንነክራለን፣ እናንጠፈጥፋለን፣ ገመድ ላይ እንሰቅላለን። ምሳችንንም እዚያው እንበላለን። ብል ጠፋ፤ ባላምባራስ ደስ አላቸው።

ከዓመታት በኋላ መዳፋችን ላይ እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር ወጣ። የወልዱ ዐይን ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ተነፋ።

«የወፍ በሽታ ነው» አሉ ባላምባራስ። «የሌሊት ወፍ ሸንቶበታል።»

መጋዘኑን በርበሬ አጥነን ወፎቹን አባረርን። እነሱ እንኳ ተረፉ።

የከተማው ጤና ጣቢያ ድሬሰር የወልዱን ሆድ ነካ ነካ አድርጎ «ጉበትህ ነው፤ አረቄ ተው» አለው።

«የማልጠጣውን እንዴት ልተው፣ ጌታዬ?»

«እንግዲያው ቀንስ።»

በበቅሎ ኮረም፣ ከዚያ በመኪና ደሴ አደረስኩት። ሐኪሙ ሆዱን ትቶ መዳፉን አየ። ሥራችንን ጠየቀን፤ ነገርነው። የበርሜሉንም ሥዕል እየተሳለምን እንደምንነክር ነገርነው።

«ትሳለሙታላችሁ?»

«ጧት ጧት» አለ ወልዱ፣ የሚመሰገን መስሎት።

ሐኪሙ አልሳቀም። ሥዕሉ የመርዝ ምልክት መሆኑን፣ መርዙም ጉበቱን እንደጎዳው አስረዳን። «ዳግመኛ ከነካኸው ትሞታለህ። ከተውከው ዕድል አለህ» አለው።

ተመለስን። ወልዱ ባላምባራስ እግር ላይ ወደቀ። «ዘበኛ ያድርጉኝ።»

«ዘበኛ ሞልቷል። የቸገረኝ ነካሪ ነው።»

«ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ።»

«ለነሱ አይደል የምትሠራው?»

ወልዱ ነከረ። ክረምቱን ሳይወጣ ሞተ። ባላምባራስ ቀብሩ ላይ መጡና፣ ሬሳው ሳይወርድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ነገ ማን ይነክራል?» አሉኝ።

«እርስዎ» አልኳቸው።

በማግስቱ ተባረርኩ። እስከ ዛሬ የቆየሁት በመባረሬ ነው። ቆዳ የምትነክሩ ሰዎች፣ ዐይናችሁ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቁ። መዳፋችሁ ሲሻክር ሥራውን ልቀቁ።