የጋሹ ጉሮሮ እና የይርገዱ ዳቦ

የመካነ ሰላሙ ጋሹ ዕድሜውን የገፋው በስንዴ ንግድ ነው። ስንዴ ከደጎሎ ያስመጣል፣ ገበያ ያወጣል፣ ይሸጣል። ስንዴው የራሱ ጉሮሮ ላይ ሲደርስ ግን አልወርድም ይላል።

ቶሎ ቶሎ የሚያንቀው ዳቦ ነበር። ጥሩ ዳቦ የምትጋግረው ደግሞ ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ይርገዱ ናት። ሰፈሩ ነገሩን ለማጣራት አልተቸገረም። ዳቦው የሷ፣ ዓይኑም የሷ፤ ቡዳ ናት ተባለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል፣ ሁሉም ሌማቱን እየከደነ መብላት ጀመረ፤ የይርገዱም ዳቦ ሳይሸጥ ያድር ገባ። ጋሹ ራሱ እሷ ብቅ ስትል ሰሐኑን በጋቢው ይሸፍን ነበር።

በ2005 አንድ ቁራሽ ተሰንቅሮ ምራቁን እንኳ መዋጥ ሲያቅተው ደሴ ወሰዱት። ሐኪሟ ቱቦ አስገብታ ቁራሹን አወጣች፤ ከምግብ ቧንቧው ቆንጥራም አስመረመረች። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ትል የሚዋጉ ወገኖች እንዳሉ፣ የሱዎቹ ግን ስንዴን ጠላት ብለው ቧንቧው ላይ እንደተሰበሰቡ፣ ስንዴውን እንመታለን ሲሉ ቧንቧውን አቁስለው እንዳጠበቡት አስረዳችው። አለርጂ ነው አለችው።

«ስንዴው ታዲያ ምን አጠፋ?»

«ምንም። ያጠፉት ጠባቂዎቹ ናቸው።»

ጋሹ ጋቢውን አስታወሰና አፈረ። ስንዴ ተከለከለ፤ ለአስም የሚነፋ መድኃኒትም አፉ ውስጥ እየነፋ እንዲውጠው ታዘዘ።

አገሩ ሲመለስ ይርገዱ ወደ አቀስታ ልትሄድ ዕቃዋን ስትሸክፍ ደረሰ። የሷን ዳቦ ሐኪም ከለከለኝ ቢል ሰፈሩ «አላልንም?» ሊል ነው፤ ዝም ቢል ሴትዮዋ ስሟ ጠፍቶ መሄዷ ነው። እስከ ጎረቤት ክርስትና ድረስ እንድትቆይለት ለመናት። መድኃኒቱን ሲወስድ ሰንብቶ በድግሱ ቀን ድንኳኑ ውስጥ አጠገቧ ተቀመጠ፤ የጤፍ እንጀራውን ወደሷ አስጠጋ።

«ይርገዱ፣ አጉርሽኝ።»

እንጀራውን ጠቅልላ ያዘች። «ቢያንቅዎትስ?»

«አብሽሪ። ካነቀኝ ጥፋቱ የጉሮሮዬ ነው።»

አጎረሰችው። ድንኳኑ ማኘኩን አቁሞ ጉሮሮውን ጉሮሮውን አየ። ወረደ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎ ሁለተኛውንም ተቀበላት፤ ይርገዱ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

አቀስታ ቀረ። አሁን የይርገዱ ዳቦ ከረፋድ አያልፍም። ሰፈሩ ተሳስቼ ነበር ብሎ ግን አያውቅም። ደሴ የቡዳ መድኃኒት መጥቷል ነው የሚለው፤ ዳቦዋን የገዛ ሁሉ በጋሹ ደጅ ያልፍና፣ ከመቁረሱ በፊት አፉን ከፍቶ መድኃኒቱን አንዴ እንዲነፋለት ይለምነዋል።