በምሥራቅ በኩል የደፈንኩት በር

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ከመሐል ሜዳ ወደ ዘመሮ የሚያልፈው መንገድ ሲጠገን የገጠመኝ ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሚስቴ «ደግሞ ጀመረህ!» ትለኛለች።

እኔ ግንበኛ ነኝ። የመንዝን ድንጋይ ጠርቤ የሦስት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አቁሜአለሁ። በሥራዬ ማንም እንዲገባብኝ አልወድም። ጉድ የሠራኝም ይኸው ጠባዬ ነው።

የመንገዱ መሐንዲስ ነጭ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ፣ ጥምጥማቸው የቄስ የሚመስል ሕንዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። የመጡ ሰሞን ገበያተኛው «አባ፣ ይፍቱን» እያለ ጎንበስ ሲልላቸው፣ እሳቸውም ግራ ገብቷቸው አብረው ጎንበስ ይሉ ነበር። የሲክ ሃይማኖት ተከታይ መሆናቸውን ያወቅነው ኋላ ነው። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛ አይቸግራቸውም።

አንድ ቀን ጠሩኝና ከመንገድ ሥራው ካምፕ ጎን የጸሎት ቤት እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ሃይማኖታቸውን የመሠረቱት መምህር የልደት በዓል ሲደርስ ወገኖቻቸው ከአዲስ አበባ መጥተው ይጸልያሉ። ከጸሎቱ በኋላ የመጣ ሰው ሁሉ፣ የአገሬውም ሰው ጭምር፣ መሬት ላይ እኩል ተቀምጦ ይበላል። ንድፉን ሰጡኝ፤ በአራቱም አቅጣጫ በር አለው። ከዚያ ለሥራ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ።

ንድፉን እያየሁ ሳቄ መጣ። እኔ የሠራኋቸው ቤተ ክርስቲያኖች በምሥራቅ በር የላቸውም፤ ምሥራቅ የመቅደሱ ነው። ደግሞስ የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው አራት በር ምን ያደርግለታል? የአራቱም በር ጉበን ከላይ ከተጋደመ በኋላ ሰውየው ተሳስተዋልና ላርምላቸው ብዬ የምሥራቁን በድንጋይ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። በሥራዬም ኮራሁ።

መሐንዲሱ የተመለሱት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። እንግዶቻቸው በሁለት ሚኒባስ አብረዋቸው መጡ። በዓላቸው በማግስቱ ነበር። ቤቱን እየዞሩ ሲያዩ ምሥራቅ በኩል ሲደርሱ ቆሙ።

«አያ ተክሌ፣ በሩስ?»

«አርሜልዎት ነው። የጸሎት ቤት በዚህ በኩል በር የለውም።»

አልተቆጡም። «የኛ ቤት አራት በር ያለው፣ ሰው ከየትም ይምጣ፣ የማንም ልጅ ይሁን፣ ‹ይሄ ለኔ አይደለም› እንዳይል ነው» አሉኝ። «አንዱን ከዘጋን አንድን ሰው አትምጣ አልነው ማለት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንዳላፈርሰው ደግሞ ሚካኤል ነው። ገብሱ ገና አልተሰበሰበም፤ በሚካኤል ድንጋይ ያነሳ ሰው በረዶ ያስመጣል። ሠራተኞቼን ብለምናቸው «ሰብላችንን ልታስመታ ነው?» ብለው ጮኹብኝ። እውነቱን ለመናገር የኔም እጅ አልታዘዝ ብሎኛል።

መሐንዲሱ ይህን ስነግራቸው ኮታቸውን አወለቁ። «እናንተ በዓላችሁን አክብሩ፤ እኛ እናነሳዋለን» አሉ። ከኛ አገር ሽማግሌዎች አንዱ ጥቂት አሰቡና «መቼም ሚካኤል የነሱን አይቆጥርብንም» ብለው ፈቀዱ።

እንግዶቹ ተሰለፉ። ክራቫት ያሰረውም፣ ሐር የለበሰችውም ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉ ጀመር። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብዬ በአፌ ብቻ አሠራለሁ። «ከላይ ጀምሩ! ኧረ እሷን ድንጋይ ተዋት! ጉበኑን እንዳትነኩ!» በአፍ መሥራትን የሚከለክል በዓል የለም።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ድንጋይ ከአንዲት አሮጊት እጅ አመለጠ። እግራቸው ላይ ሳያርፍ ዘልዬ ያዝኩት። ሠራተኞቼ ሁሉ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ እኔም አየሁ። ደመና የሚባል የለም። ድንጋዩን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው መጣ። የኛ ሽማግሌዎች ደጃፍ ላይ ቆመው «ያረደው ማነው?» ብለው ጠየቁ። ምንም እንዳልታረደ፣ ምስርና ቂጣ ብቻ እንደሆነ ሲነገራቸው ጫማቸውን አወለቁ። በምሥራቁ በር፣ በዚያው በኩል ካለው ገደል ሥር የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች ገቡ። ድስታቸውን እንገዛለን እንጂ ድግስ ጠርተናቸው አናውቅም። በገቡበት ተራ ተቀመጡ፤ አንደኛዋ ከወረዳው ዳኛ ጎን፣ ባሏ ከኔ ጎን ሆነ። ቂጣ ቆርሶ አቀበለኝ። በላሁ፤ ግን በሐፍረት ቀና ብዬ አላየሁትም።

እሑድ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ኃይሌ ሄድኩ።

«አባቴ፣ በሚካኤል ድንጋይ አንስቻለሁ።»

«ስንት?»

«አንድ።»

ነገሩን ከሥሩ ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ለድንጋዩስ ሚካኤል አይቀየምህም፤ የሰው እግር አትርፈህበታል» አሉ። «በሩን ለደፈንከው ግን አርባ ስገድ።»

አርባውንም ሰገድኩ። ብዙ ግንብ ሠርቻለሁ፤ ፈርሶ ደስ ያለኝ ግን ያ ብቻ ነው።